ጭቃ ጭቃ ስለሚል ዓሣችሁ

ቀን፦ መጋቢት 2017 ዓ.ም.
ለ፦ ዓሣ አቅራቢያችን ለሆነው የኩሬ ዓሣ እርባታ ድርጅት
ጉዳዩ፦ የቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ጥራት መጓደልን ይመለከታል

በገባነው ውል መሠረት ከድርጅታችሁ ቆሮሶ ስንረከብ ቆይተናል። መጀመሪያ ላይ ታመጡት የነበረው ዓሣ እንከን አይወጣለትም ነበር፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ከጾሙ መግቢያ ወዲህ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። ጥብስ ሆነ ጉላሽ፣ አፍ ላይ ሲደርስ ጭቃ ጭቃ ይላል። ሥጋው ቢላ ገና ሲነካው ይፈረካከሳል። ሆዱ ሲከፈት አንጀቱ በስብ ተጠቅልሎ፣ ያልተፈጨ መኖ እንደጠቀጠቀ ይገኛል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወውና፣ ለኛ ቤት የዓመቱ ትልቁ ገበያ ይኸው ወቅት ነው። የቆዩ ደንበኞቻችን ሳህኑን ገሚስ ትተው ሲነሱ ማየት ምን ያህል እንደሚያሳፍር ምግብ ቤት የያዘ ያውቀዋል።

ደውለን ስናመለክት ከሽያጭ ክፍላችሁ ያገኘነው መልስ «የኩሬ ዓሣ ጠባዩ ነው፤ ሎሚና አዋዜ በዛ አድርጉበት» የሚል ነበር። ሎሚና አዋዜማ ለኛ ማን ይነግረናል! ጥፋቱ የወጥ ቤቱ ይሁን የዓሣው ለመለየት፣ ከናንተ ዓሣ አንድ ቁራጭ፣ ከዝዋይ ሐይቅ ከመጣ ቆሮሶ ሌላ ቁራጭ ወስደን፣ ጨው እንኳ ሳናስነካ ለየብቻ ከድነን በእንፋሎት አበሰልናቸው። የዝዋዩ ክዳን ሲነሳ ዓሣ ዓሣ ሸተተ። የናንተው ሲከፈት ግን ዝናብ የገባበት ምድር ቤት የተከፈተ ያህል ነበር። የትኛው ቁራጭ የማን እንደሆነ ያልተነገራቸው አስተናጋጆቻችንም ሳያመነቱ ለዩት።

«መጥታችሁ እዩ» ስላላችሁን ማልደን መጣን። ያየነውን እንጻፍ። ዓሦቹ ከውሃው በላይ አፋቸውን አውጥተው አየር ይጎርሱ ነበር። ውሃው ወፍሮ አረንጓዴ ሆኗል። ኩሬ የሚያውቁ ሰዎች ክንድን እስከ ክርን አስገብቶ መዳፍን መመልከት የሚሏት ቀላል መለኪያ አለቻቸው፤ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። መዳፉ ከዚያ በፊት ከተሰወረ አልጌው በዝቷል ማለት ነው። የኔ ጣቶች ውሃው አንጓዬን ሳያልፍ ጠፉ። መኖ የሚሰጠው ልጅ ደግሞ የፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ድብልቁን በአካፋ እየዛቀ አንድ ጥግ ላይ ይበትናል፤ ገሚሱ ሳይበላ ሲሰጥም ቆመን አየን። መጋዘኑ ውስጥ ጆንያዎቹ እንጨት እንኳ ሳይነጠፍላቸው ሲሚንቶ ላይ ተደርድረዋል፤ ከሥር ያለው ወዝቶ፣ አፉ ሲፈታ ሻጋታ ለብሶ ነበር። ልጁን እንዳትቆጡት አደራ፤ የተሰጠውን ነው የሚበትነው።

እንግዲህ ነገሩ የተያያዘ ነው። የሰጠመው መኖ ታች ይበሰብሳል፤ ከዶሮ ቤት ኩሬው ውስጥ ከሚገባው ኩስ ጋር ሆኖ አልጌውን ያፋፋዋል። ከአልጌ ዓይነቶች ሰማያዊ አረንጓዴ የሚባለውና በጭቃው ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ጂኦስሚን የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፤ የጭቃው ጣዕም ይኸው ነው። በአንድ ሊትር ውሃ 10 ናኖግራም ገደማ ሲገኝ የሰው አፍንጫ ያውቀዋል። ዓሣው በሚተነፍስበት ስንጥቡ በኩል በሰዓታት ውስጥ ይስበዋል፤ ለመልቀቅ ግን ቀናት ይፈጅበታል፤ ስብ የበዛበት ዓሣ ደግሞ ይበልጥ ይዞ ይቆያል። ጤና አይጎዳም፤ በዚህ አንከሳችሁም። የሚበላው ግን የለም።

ያው አልጌ ቀን ኦክስጅን ቢሰጥም ሌሊት መልሶ ይወስዳል፤ ስለዚህ ኩሬው በጣም የሚታፈነው ንጋት ላይ ነው። ቆሮሶ ቻይ ዓሣ ነው፤ አይሞትባችሁ ይሆናል። ነገር ግን ኦክስጅኑ በሊትር ከ3 ሚሊግራም በታች ሲወርድ መብላትም ማደግም ይቀንሳል። እንዲህ ሲጨነቅ አድሮ በመረብ ሲባረር የዋለ ዓሣ ሥጋው ቶሎ ይልማል። ስቡም ቢሆን ፕሮቲን ካነሰው መኖ ነው። ለሚያድግ ቆሮሶ ከ28 እስከ 32 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ ይመከራል፤ ፉርሽካ ብቻውን የዚህን ግማሽ ያህል ነው የሚይዘው። ፋጉሎ ፕሮቲን አለው፤ ነገር ግን ዘይት ስላለበት ሙቀት ውስጥ ሲከርም ይጎመዝዛል። ከሻገተ ደግሞ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ስጋት አለበት፤ ይህኛው የጣዕም ነገር ብቻ አይደለምና የሻገተው ጆንያ ዛሬውኑ ይወገድ።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ በሚሲሲፒ አምባዛ መሰል ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ዘንድ ፋብሪካው ዓሣውን ከመቀበሉ በፊት ናሙናው በስሎ በቀማሽ ይፈተናል፤ ጭቃ ካለ ኩሬው ሳይጠመድ እንዲቆይ ይደረጋል። እኛም ከዚህ የተለየ አንጠይቅም። ከየኩሬው ከመጠመዱ በፊት አንድ ዓሣ ያለ ቅመም በስሎ ይቀመስ፤ ከፈለጋችሁ የኛ ወጥ ቤት ይቅመስላችሁ፣ አናስከፍልም። ጭቃ ጭቃ ካለ፣ ንጹሕ የጉድጓድ ውሃ በሚፈስበት ገንዳ መኖ ሳይሰጠው ጣዕሙ እስኪለቅ ይቆይ። የገንዳው ግድግዳም አልጌ እንዳያበቅል ይታጠብ፤ አለዚያ ያው ነው። ጥሩ የሆነውም ቢሆን ከመያዙ አንድ ቀን ቀደም ብሎ መኖ ይቁምለት፤ እንደተያዘም ወዲያው በረዶ ውስጥ ይግባ። ባለፈው መኪናችሁ የመጣው በረዶ ከላይ ለታይታ የተነሰነሰ ነበር፤ ከሥር ያሉት ዓሦች ለብ ብለው ነው የተረከብናቸው።

ለመጨረሻው ጭነት የጠየቃችሁንን ሒሳብ አንከፍልም። ከዚያ በፊት በነበረው ላይ ደግሞ ደንበኞች የመለሱት ምግብ ዋጋ እንዲቀነስልን እንጠይቃለን፤ ደረሰኞቹን አያይዘናል። ውሉን ማፍረስ አንፈልግም፤ የሐይቁ ዓሣ አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል፤ በደንብ የተያዘ ኩሬ ለኛም ይሻለናል። የሚቀጥለው ጭነት ሳይቀመስ የሚመጣ ከሆነ ግን ሹፌራችሁ በከንቱ እንዳይለፋ ከወዲሁ ንገሩን፤ በር ላይ እንመልሰዋለን።

ከሰላምታ ጋር
የምግብ ቤቱ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለሒሳብ ክፍላችን