ደብዳቤ ለልጄ፦ ሳትመረመር እንዳትውጥ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እህትህም ፈተናዋን ጨርሳለች።

ትናንት አከራይህ ደውላልኝ ነበር። አባትህ ለዘይትና ለሽሮ ብሎ የሰጠህን ብር ክኒን እንደገዛህበት ነገረችኝ። አልጋህ ስር ሁለት ዕቃ አይታለች። አንዱ ላይ የረጅም ወጣት ሥዕል አለበት አለች፤ ቁመት ይጨምራል ተብሎ የሚሸጠው መሆኑ ገባኝ። ደነገጥኩ። ልጄ፣ ሳትመረመር አንዲት ፍሬ እንዳትውጥ። አንዲት ፍሬ!

እንደሚከፋህ አውቃለሁ የኔ ጌታ። ባለፈው ስትመጣ በሩ መቃን ላይ ቁመትህን ስትለካ አይቼሃለሁ። ግን አባትህም አስረኛ ክፍል ሆኖ ሰልፍ ላይ የሚቆመው ከፊት ነበር። አሁን ጎንበስ ሳይል በራችን አያስገባውም። ወንድ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘዘው ከ12 እስከ 16 ዓመቱ ባለው ጊዜ ነው። አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል። ሴቶች ደግሞ በሁለት ዓመት ያህል ይቀድማሉ። የክፍልህ ልጃገረዶች በቁመት የበለጡህ ለዚህ ነው።

ክኒን ጠልቼ አይደለም። ጤና ጣቢያ ስውል በእጄ የምሰጠው እሱን ነው። ደሙ ያነሰ ልጅ ብረት ሲሰጠው ፊቱ ይመለሳል፣ ድካሙ ይለቀዋል። ዚንክ የጎደለው ሕፃን ዚንክ ሲያገኝ ቁመቱም በመጠኑ ሊሻሻል ይችላል። ምንም ላልጎደለው ልጅ ግን ቫይታሚን ቁመት አይቀጥልለትም። ቫይታሚን ሲ ቢበዛ አብዛኛው በሽንት ይወጣል። ኤ እና ዲ ግን ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ ኤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል፣ ዲ ሲበዛ ኩላሊት። የብረት ክኒን ደግሞ ትንሽ ልጅ ከዋጠው ሊገድለው ይችላል። የአከራይህ ሕፃን ክፍልህ እየገባ ይጫወት የለ? ይህን እንዳነበብክ ዕቃዎቹን ከአልጋ ስር አውጣና ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጥ።

አያትህን አስባት። አንገቷን በረድፍ ተነቅሳ ነበር። አንተ ጌጥ ይመስልህ ነበር። በልጅነቷ የነቀሷት እንቅርቱን ይመልሰዋል ብለው ነው። አልመለሰውም። ዕድሜዋን ሙሉ ነጠላዋን ከአንገቷ ሳታወርድ ኖረች። ሰርግ ቤት እንኳ ጠላዋን በቀኝ እጇ ይዛ፣ በግራዋ ነጠላዋን ታጠብቅ ነበር፤ አጠገቧ ተቀምጬ እመለከታት ነበር። የጎደላት አዮዲን የሚባል ማዕድን ነው። ሰው በቀን የሚያስፈልገው እጅግ ኢምንት ናት። ነገር ግን የደጋችንን አፈር ጎርፍ ለዘመናት ሲያጥበው አዮዲኑንም ይዞት ሄደ፤ እህሉም ላይ ታጣ። ወጡ ውስጥ የሚገባው አሞሌም ይህን አያሟላም። ቅጠል ቀጥቅጠው አሰሩላት፣ ነቀሷት፣ ጸበል አስጠመቋት። ምን እንደጎደላት ግን መርምሮ የነገራት አልነበረም። እናቴን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የማዕድን ጉድለት ቀላል ነው አልልህም። የጎደለው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የሚዋጥ ክኒን ነው የሚያስፈራኝ። ሳትመረመር አትውጥ።

ጨው ስትገዛ አዮዲን ያለው መሆኑን ከረጢቱ ላይ አንብብ። በ2003 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን ሊኖረው ይገባል። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጠው፣ ፀሐይ አይንካው፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምር።

ሌላው፣ ጠዋት ማታ ሻይ በዳቦ እንደሆንክ ሰምቻለሁ። ይህ ልጅ አያሳድግም! ምስር በልተህ ወዲያው ሻይ ስትጠጣ፣ ሻዩ ብረቱን ይይዝብሃል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይ። ምስሩ ላይ ሎሚ ጭመቅበት ወይም ቃሪያ ብላበት፤ ብረቱ ያን ጊዜ ይገባልሃል። በቆልቱንም አትናቀው፤ ባቄላው ሲበቅል በውስጡ ያለው ብረትና ዚንክ ለሰውነት ይቀለዋል። ስልኩን ዘግተህ በጊዜ ተኛ፤ የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው እንቅልፍ ላይ ነው። ዓምና የሆድ ትል መድኃኒት ሲታደል ከሰልፍ ወጥተህ እንደሄድክም ነግረውኛል። ዘንድሮ እንዳትሸሽ። ትሉ የበላኸውን ይሻማሃል፣ ደምህንም ያሳንሰዋል።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ እዚያው ደብረ ብርሃን ጤና ጣቢያ ሂድ። ሁለቱንም ዕቃ ይዘህ ሂድና አሳያቸው። ደምህ ማነስ አለማነሱን የሚያሳየውን ሄሞግሎቢንህን ይዩልህ፣ ቁመትህንና ክብደትህንም ይለኩህ፤ ቁጥሩን ጽፈህ ላክልኝ። ጎደለ ካሉህ የሚያዙልህን ትወስዳለህ፣ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ። እስከዚያ ግን ሳትመረመር እንዳትውጥ።

ቅዳሜ ከመሐል ሜዳ በሚወጣው መኪና ሽሮ፣ በሶና በቆልት ልኬልሃለሁ። እንቁላሎቹን በሶው ውስጥ ቀብሬያቸዋለሁ፤ ከረጢቱን እንዳትወረውረው። ሾፌሩ መናኸሪያ ሲደርስ ይደውልልሃል፤ ስልክህን እንዳትዘጋ።

እናትህ