አስቴር መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር

ረሆቮት፣ እስራኤል

ውድ እህት ዓለሜ፣

እንዴት ነሽልኝ? እማማስ ደህና ናቸው? ከተጠፋፋን ስንት ጊዜ ሆነን! ዝም ብል እንኳ ከልቤ ወጥተሽ አታውቂም።

መልእክትሽ የደረሰኝ የፑሪም ሰሞን ነው፣ የአስቴርን ታሪክ የምናስብበት የአይሁድ በዓል። ተማሪዎችሽን "ጀግና ሳሉ" ብትያቸው ሁሉም ጠመንጃ የያዘ ሰው ሳሉ ያልሽው ሆዴን በላው። እዚህም ያው ነው። ለፑሪም ልጆች የፈለጉትን ሆነው፣ ለባብሰው ነው ወደ ጋን የሚመጡት። ጋን የምንለው መዋዕለ ሕፃናቱን ነው። ዘንድሮ ወንዶቹ ወይ ወታደር ናቸው፣ ወይ ካባ ለብሶ የሚበር ጀግና።

የአስቴርን ታሪክ የምነግራቸው እንደዚያ ለብሰው ተቀምጠው ነው። አንቺም ታውቂዋለሽ፣ በናንተም መጽሐፍ ቅዱስ አለ። ንጉሡ "ከህንድ ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ" 127 አገሮችን ይገዛል። ኢትዮጵያ ስል የኛ ልጆች ቀና ይላሉ። ሐማ የሚባለው ሹም፣ የንግሥት አስቴር ዘመድ የሆነው አይሁዳዊው መርዶክዮስ አልሰግድልህም ስላለው ብቻ፣ አይሁድን በሙሉ ሊያስጨርስ አዋጅ ያስወጣል። የሐማ ስም በተጠራ ቁጥር ልጆቹ ራዓሻን የምንለውን የሚንቋቋ መጫወቻቸውን ያንቋቋሉ፣ ጆሮ አያሰማም። ደስታቸውን ብታይ!

እኔ ግን የምቆየው ምዕራፍ 4 ላይ ነው። መርዶክዮስ "ንጉሡ ዘንድ ገብተሽ ለምኚልን" ሲላት አስቴር እሺ አላለችም። ሳይጠሩት የገባ ሰው ይሞታል፣ ንጉሡ የወርቅ ዘንጉን ካልዘረጋለት በቀር። እኔ ደግሞ ሳልጠራ 30 ቀን ሆኖኛል ብላ ላከችበት።

"ለምን እንደዚህ አለች?" ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዲት ልጅ፣ ዘውዷ ዓይኗ ላይ እየወረደ፣ "ፈርታ ነዋ!" አለችኝ።

"ንግሥትም ትፈራለች?" አለ አንዱ ወታደር።

ከዚያ ሁሉም የሚፈራውን መናገር ጀመረ። ጨለማ፣ ውሻ፣ የሳይረን ድምፅ። ወታደሩም ተናገረ።

ቀጥዬ አስቴር ምን እንዳደረገች ነገርኳቸው። ብቻዬን እወጣዋለሁ አላለችም። ሕዝቡ ሁሉ 3 ቀን እንዲጾምላት ለመነች፣ እሷም ጾመች። "ብጠፋም እጠፋለሁ" ብላ ገባች። ሰይፍ የላት፣ ሠራዊት የላት። ገብታም ወዲያው አልጮኸችም። ንጉሡንና ሐማን ግብዣ ጠራች፣ በማግስቱ ደገመች፣ ሰዓቱን ጠብቃ ተናገረች። ትዕግሥቷ ከድፍረቷ አያንስም። ይሄን ለልጆች የሚነግር ሰው ግን ጥቂት ነው።

አያቴን ታስታውሻታለሽ አይደል? እሷ ፑሪምን በጭምብልና በጣፋጭ አታውቀውም ነበር። በኛ በቤተ እስራኤሎች ዘንድ የነበረው ጾመ አስቴር ነው። ታሪኩንም የነገረችኝ ከጾሙ ጋር ነው። ምዕራፍ 4 ላይ የሙጥኝ የምለው ለዚህ ይሆናል።

ከአስቴር በፊት የነበረችውን ንግሥት አስጢንንም አትርሺያት። ንጉሡ የወይን ጠጁ ሞቅ ሲያደርገው ውበቷን ለሰው ሊያሳይ አስጠራት። አልመጣም አለች፣ ዘውዷንም አጣች። ሴት ተማሪዎችሽ ስለሷ ብዙ የሚሉት ይኖራቸዋል።

መጨረሻው ከባድ ነው። ምዕራፍ 9 አይሁድ ከጠላቶቻቸው 75,000 ሰው ገደሉ ይላል። ይሄን ለአምስት ዓመት ልጅ አልነግረውም። ያንቺዎቹ ግን ትልልቆች ናቸው፣ አትዝለይባቸው። ይጠይቁ፣ ይከራከሩበት። ራስን ማዳን የት ላይ በቀል እንደሚሆን እነሱም ያስቡበት። የኔም ልብ በዚያ ምዕራፍ ላይ አላረፈም፣ ለነሱም ነገሩ ያለቀለት አድርገሽ አትንገሪያቸው።

እስቲ ሞክሪውና ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፣ በተለይ የሚከራከርሽ ልጅ ካለ። ፋሲካ ሲደርስ እደውልልሻለሁ። የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ።

የዘወትር ወዳጅሽ