ስፓኒሽን በአማርኛ በኩል ለልጆች፦ የድምፅ፣ የሥዕልና የወረቀት ድጋፍ ጥሪ

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላሉ አማርኛ ተናጋሪ ልጆች የሚሆን የስፓኒሽ ማስተማሪያ እያዘጋጀን ነው። 30 ትምህርቶች፣ 240 ቃላት፣ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ የሥዕል ካርድና አንድ የድምፅ ቅጂ አለው። መምህሩ ራሱ ገና ቋንቋውን እየተማረ ቢሆን እንኳ ሊከተለው የሚችል መመሪያም አብሮ ይሄዳል። ጽሑፉ አልቋል። የቀረው በጥቂት ሰዎች ጉልበት የማይሞላው ነው፤ ድምፁ፣ ሥዕሉና ኅትመቱ።

«በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ሞልቶ የለም ወይ?» የሚለን አይጠፋም። ሞልቷል። ነገር ግን በእንግሊዝኛ ዞሮ የሚመጣ ልጅ የእንግሊዝኛን ልማድ ይዞ ነው የሚመጣው። ሰላምታውን «ሆላ» ይለዋል፤ ኤች በስፓኒሽ ድምፅ ስለሌላት ትክክሉ «ኦላ» ነው። «ባካ» (ላም) በቪ ስለምትጻፍ «ቫካ» ይላታል፤ በስፓኒሽ ግን ቢና ቪ አንድ ድምፅ ናቸው። ከአማርኛ በቀጥታ ቢነሳ ብዙው ነገር ቤቱ ነው። አምስቱ የስፓኒሽ አናባቢዎች የኛ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ናቸው፤ ግዕዝና ሳድስ ብቻ የሉም። ብዙዎችን የምታስቸግረው ኤኜ የምትባል ፊደል የኛዋ «ኝ» ናት፤ «ኒኞ» (ወንድ ልጅ) ለማለት ልጆቻችን ልምምድ አያሻቸውም። «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» የሚለው አረፍተ ነገርም አሠራሩ እንደ «ራሴን ያመኛል» ነው፤ የሚያመው ሰው የአረፍተ ነገሩ ባለቤት አይሆንም። «ኡስቴድ»ን ስናስተምር «እርስዎ» ማለት ይበቃል፤ ግሡ እንኳ በሁለቱም ቋንቋ ከሦስተኛ መደብ የተወሰደ ነው።

እንግዲህ ጆሯችን ቅርብ ከሆነ ቃላቱን በፊደል ጽፎ መስጠት አይበቃም? አይበቃም፤ ድምፅ የምንለምነውም ለዚሁ ነው። «ፔሮ» ላልቶ ሲነበብ «ግን» ማለት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ «ውሻ»። ልጆቻችን ማጥበቅና ማላላት ከእናታቸው ጉያ የለመዱት ስለሆነ አንዴ ከሰሙት አይስቱትም፤ ፊደላችን ግን ልዩነቱን አይጽፈውም። «አብሎ» መጀመሪያው ላይ ሲጫኑት «እናገራለሁ»፣ መጨረሻው ላይ ሲጫኑት «ተናገረ» ይሆናል፤ ይህም አይጻፍም። ሳድስም እንዲሁ ያሳስታል፦ «ትሬስ» (ሦስት) ላይ ልጁ ከ«ት» በኋላ አናባቢ ጨምሮ ሁለት ክፍለ ቃል ያደርገዋል፣ «ኤስኩዌላ» (ትምህርት ቤት) ላይ ደግሞ ኤን ወደ እ ይለውጣታል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ትምህርቶች ጽሑፍ የላቸውም፤ ጆሮና ሥዕል ብቻ ናቸው።

የምንፈልገው አራት ድምፅ ነው፦ ሁለት አዋቂና ሁለት ልጅ፣ ስፓኒሽ አፍ የፈቱበት። ለልጆቹ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይቀድማል፤ በፋይሉ ላይም ስማቸው አይጻፍም። ዜድን እንደ «ስ» የሚሉትን መርጠናል፤ በላቲን አሜሪካ የሚነገረው እንዲያ ነውና። በአንዳንድ አካባቢ የቃል መጨረሻ «ስ» ትዋጣለች፤ ስሕተት ባይሆንም ብዙ ቁጥርን የምታመለክተው እሷ ስለሆነች እባካችሁ አሰሟት።

አቀራረጹ ቀላል ነው፣ የሚያበላሸው ግን ብዙ። ትንሽ፣ ልብስና ብርድ ልብስ የሞላበት ክፍል ከባዶ አዳራሽ ይሻላል። ስልኩ ከአፍ 20 ሳንቲሜትር ይራቅ፣ ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፤ ፊት ለፊት ከሆነ የ«ፕ» ትንፋሽ ይፈነዳበታል። እያንዳንዱ ቃል ከነ«ኤል»ና «ላ»ው (ከስም በፊት የሚመጡ የወንድና የሴት ጾታ አመልካቾች) ሦስት ጊዜ ይባላል፣ በመካከሉ ሁለት ሰከንድ ዝምታ። ብዙውን ጊዜ የምንወስደው መካከለኛውን ነው፤ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ይበዛበታል፣ የመጨረሻው ድምፁ ይወርዳል። «ማ፣ ሪ፣ ፖ፣ ሳ» (ቢራቢሮ) እያሉ መቆራረጥ ልጁን አይረዳውም፤ እንደዚያ የሚናገር ሰው ሲገጥመው እንጂ ሌላው ሲናገር አይገባውም። ቅጂው በዌቭ ፋይል ይላክ፤ በድምፅ መልእክት ሲላክ ስለሚጨመቅ «ስ»ና «ፍ» ይደበዝዛሉ።

ከሥዕሎቹ 90 ይቀራሉ። በአንድ ካርድ አንድ ነገር ብቻ፣ ጀርባው ባዶ፣ መስመሩ ወፍራም፣ ከአምስት ሜትር የሚታይ፣ በጥቁርና ነጭ ሲባዛም የማይጠፋ። የ«ኤል» ቃላት ዙሪያቸው ቀጥ ባለ መስመር፣ የ«ላ» ቃላት በሞገድ መስመር ይከበባሉ፤ ቀለም ያልተጠቀምነው ቅጂ ማሽን ስለሚያጠፋው፣ ቀለም የማይለዩ ልጆችም ስላሉ ነው። ሠዓሊ ሊጠነቀቅበት የሚገባው «ፔስ» የሚለው ነው፦ በሕይወት ያለ ዓሣ ማለት ስለሆነ ውኃ ውስጥ ይሣል፤ ከተጠመደ በኋላ ስሙ ይለወጣል። «ዴዶ» ግን እንደ አማርኛው «ጣት» የእጅም የእግርም ነው፣ ስለዚህ ሁለቱም ይሣሉ። «ላ ማኖ» (እጅ) እና «ኤል ማፓ» (ካርታ) በመጨረሻ ድምፃቸው ጾታን የሚያሳስቱ ስለሆኑ ከ12ኛው ትምህርት በፊት አይመጡም። ከኢንተርኔት የተወሰደ ሥዕል አንቀበልም፤ ሥራው ለማንም በነፃ የሚባዛ ስለሆነ የሰው መብት ያለበት ነገር ሊገባበት አይችልም።

ለኅትመት፦ አንድ ሙሉ ስብስብ በኤ4 ወረቀት አራት ካርድ እየወጣ 60 ወረቀት ይፈጃል፣ የ250 ግራም ወፍራሙን። መጀመሪያ 20 ስብስብ ስለምናወጣ 1,200 ወረቀት ያስፈልጋል። ካርዱ ከተቆረጠ በኋላ ነው በፕላስቲክ የሚለበጠው፣ ዙሪያውን 3 ሚሊሜትር ፕላስቲክ ተርፎ። ለብጦ የሚቆርጥ ሰው በየጠርዙ እርጥበት የሚገባበት በር ይከፍታል፤ ካርዱም ቶሎ ይላጣል። በተጨማሪ ለየስብስቡ ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ትንሽ ድምፅ ማጉያ እንፈልጋለን። ርካሾቹ ማጉያዎች ፋይሉን በስሙ ሳይሆን በተገለበጠበት ተራ ስለሚያጫውቱ ከ001 እስከ 240 በቅደም ተከተል የሚገለብጥ ታጋሽ ሰውም እንፈልጋለን።

ገንዘብ የሚሰጥ ካለ የሚውለው ለወረቀት፣ ለፕላስቲክ፣ ለማጉያና ለሚሞሪ ካርድ ብቻ ነው፤ ለሠራተኛ አይከፈልም፣ ደረሰኙም ለለጋሾች ሁሉ ይታያል። ያገለገሉ የእንግሊዝኛ–ስፓኒሽ መጻሕፍትና በማሽን የተተረጎሙ የመልመጃ ወረቀቶች ግን አትላኩልን። እነሱን ለማረም የሚፈጀው ጊዜ አዲስ ለመጻፍ ከሚፈጀው ይበልጣል።

ድምፅ የምትሰጡ ወዳጆች 240ውንም ቃል ቀርጻችሁ እንዳትደክሙ መጀመሪያ አሥር ብቻ ላኩልን። ከአሥሩ ውስጥ ሁለቱ «ፔሮ» ይሁኑ፣ የላላውና የጠበቀው። ሁለቱ በአንድ ማጉያ ላይ ተለይተው ከተሰሙ ቀሪውን ዝርዝር እንልክላችኋለን።