ከረጢቱን የያዘው ማነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በቀደም አንድ ጎረቤቴ ስለ ሐሰተኛ ሰባኪ ሲወራ «እኔ ገና አፉን ሲከፍት አውቀዋለሁ» አለ። ሳቄ መጣ። እኔ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ለዓመታት ጨርቅ ስፈትሽ ኖሬያለሁ። ጨርቁ ስላማረ ብቻ አናሳልፍም ነበር። ብርሃን ላይ ዘርግተን ነው የምናየው። ክር የጎደለው ያኔ ይታያል። ሰውን ግን ብርሃን ላይ አትዘረጋው!

የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለን፣ በየወሩ በ12። ጥቅምት ላይ ተራው የእኔ ነበር። ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው እየተቀዳ ሳለ አንዲት እህታችን ይዛው የመጣችው እንግዳ ተነሣ። የሐረጎን ተራራ ወርዶ ከደሴ ነው የመጣው። አቤት አነጋገር! ጥቅስ ከአፉ አይጠፋም። «እናቶቼ» እያለ ስለ ማኅበሩ ሣጥን ብር አነሣ። ወላጅ አልባ ልጆች እየተራቡ እናንተ ገንዘብ ቆልፋችሁ ትጸልያላችሁ ወይ አለን። ብሩን ብንሰጠው ነግዶበት ትርፉን ለልጆቹ ሊያውል ነው። ግማሹ ሰው አለቀሰ። አንዷማ እዚያው የጆሮ ጌጧን ፈታች።

እኔ ትዝ ያለኝ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ነው። ቢታንያ ላይ የአልዓዛር እህት ማርያም ሽቱውን በጌታ እግር ላይ ስታፈስ፣ ይሁዳ ለምን በ300 ዲናር ተሽጦ ለድሆች አልተሰጠም አለ። አንድ ዲናር የቀን ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበር። የዓመት ደመወዝ ሊሞላ ምን ቀረው? ንግግሩስ ምን ስህተት አለበት? ለብቻው ብታወጡት ስብከት ነው። ዮሐንስም ከቃሉ ጋር አይሟገትም። ለድሆች ተገድዶ ሳይሆን ሌባ ስለ ነበረ ነው፣ ከረጢቱንም የያዘው እሱ ነበር ይለናል። ማቴዎስ ደግሞ ስለ ቢታንያው ሽቱ ሲጽፍ የተቆጡት ደቀ መዛሙርቱ ናቸው ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ከረጢት ያልያዙት ቅኖቹም ያንኑ ቃል ተቀባበሉት። እኔ ቤት ያለቀሱትም ክፉ ሰዎች አልነበሩም።

የእንግዳውን ልብ ልመረምር አልሞከርኩም። ልብን የሚያይ እግዚአብሔር ነው። እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነው። «ልጄ፣ ብሩ ማን እጅ ነው የሚቀመጠው? ልጆቹስ የት ናቸው? እኛው ሄደን ብናበላቸውስ?»

«እማማ፣ እምነት ደረሰኝ ይጠይቃል እንዴ?» አለኝ ፈገግ ብሎ። ሰው ሳቀ። እኔ አፈርኩ። ደግነቱ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን፣ «ለሚቀጥለው ይደር» አሉ። በሚቀጥለው ወር እንግዳው አልመጣም። ሌባ ነበር አልልም። ተቀይሞም ሊሆን ይችላል።

ማታ ብርጭቆ ሳጥብ ግን ሌላ ነገር ወጋኝ። የሣጥኑ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው፣ ከመስቀሌ ጋር በአንድ ማተብ። «ገንዘብ ያዣችን» ሲሉኝ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ያን ሁሉ የተሟገትኩት ለልጆቹ አስቤ ነው ወይስ ሣጥኑ ከእጄ እንዳይወጣ? ከረጢቱን የያዝኩትማ እኔ ነኝ። ሂሳቡን ማኅበሩ ፊት ካነበብኩ ስንት ጊዜዬ ነው? ለካ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አላነበብኩም።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ሳቁብኝና «ታዲያ ቁልፉ ለምን ሁለት አይሆንም?» አሉኝ። ሁለት ጓጉንቸር አደረግንበት፤ አንዱ ቁልፍ እኔ ጋ፣ ሌላው እንግዳውን ያመጣችው እህታችን ጋ። መጀመሪያ የከፈትነው ቦርከና ወንዝ ዳር ለሚኖሩ ወላጅ ለሌላቸው ሁለት ልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ልንገዛ ነው። ሰውየው ያለው ነገር እኮ ልክ ነበር።

እሷ አሁንም እንደተቀየመችኝ ነው። ቡና ጠጪ ብላት እንቢ አለች። ግን በወር አንዴ ቁልፏን ይዛ ትመጣለች፣ ቆማ ታስቆጥረኛለች።

የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ፣ ከኮምቦልቻ