የጋራ ዋይፋይ ባለበት ግቢ ፎልደር ለ«ኤቭሪዋን» አይከፈት

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በባሕር ዳር፣ በተለይ በፔዳና በፖሊ ዙሪያ ባሉ የኪራይ ቤቶች፣ የአንድ ግቢ ሰው ሁሉ በአንድ ዋይፋይ መጠቀሙ የተለመደ ነው። ወጪ ስለሚያቀል አንቃወመውም። የሚያሳስበን ግን በዚያው ዋይፋይ ላይ ፋይል የሚጋራበት መንገድ ነው። በዊንዶውስ ከላፕቶፕ ወደ ዴስክቶፕ ፋይል ለማሳለፍ ተብሎ የፓስወርድ ጥያቄው ይጠፋል፤ ፎልደሩም ለ«ኤቭሪዋን» (ለማንም ሰው) በ«ፉል ኮንትሮል» (በሙሉ ሥልጣን) ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ ዋይፋዩን የያዘ ሁሉ የመመረቂያ ጽሑፉንም የሰርግ ቪዲዮውንም ማየት ብቻ ሳይሆን ማጥፋትም ይችላል። በኔትወርክ በኩል የጠፋ ፋይል ደግሞ ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገኝም።

ፋይሎቹ ባሉበት ኮምፒውተር ላይ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን፣ አድሚን ያልሆነ አካውንት ይከፈትና ፓስወርድ ይሰጠው። ፓስወርድ የሌለውን አካውንት ዊንዶውስ በኔትወርክ አያስገባም። ፒንም አያገለግልም፤ የሚሠራው እዚያው ማሽን ላይ ብቻ ነው። ቀጥሎ የፎልደሩ «ፕሮፐርቲስ» ተከፍቶ፣ «ሼሪንግ» ከዚያም «አድቫንስድ ሼሪንግ» ውስጥ ተገብቶ «ኤቭሪዋን» ይውጣ፤ አዲሱ አካውንት ይግባ። ለማየት ብቻ ከሆነ «ሪድ»፣ ለመጻፍም ከሆነ «ቼንጅ» ይበቃዋል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ከዚህ በኋላ ነው። «ሴኩሪቲ» የሚለው ገጽ ሁለተኛ በር ነው፤ በኔትወርክ ለሚመጣ ሰው ከሁለቱ ጠበቅ ያለው ፈቃድ ይጸናል። «ሼሪንግ» ላይ «ቼንጅ» ተሰጥቶ «ሴኩሪቲ» ላይ «ሪድ» ብቻ ካለ ፋይሉ ይከፈታል፣ ሴቭ ግን አይሆንም። ስለዚህ እዚያም ለዚሁ አካውንት «ሞዲፋይ» መስጠት ያስፈልጋል። ፎልደሩ እየተከፈተ አንድ ፋይል ብቻ «አክሰስ ዲናይድ» ካለ፣ ከዚያው ድራይቭ ከሌላ ፎልደር በ«ከት» የመጣ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ የመጣ ፋይል የድሮ ፈቃዱን ይዞ ይመጣል። በ«ኮፒ» ቢመጣ ግን የአዲሱን ፎልደር ፈቃድ ይወርሳል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ለኮምፒውተሩ ሌላ አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ሊሰጠው ስለሚችል፣ በድሮው አድራሻ የተሠራው የፎልደሩ ሾርትከት የማይከፈትበት ጊዜ አለ። ፈቃዱን ከመነካካት በፊት አድራሻውን ማየት ይቀድማል፤ ራውተሩ ላይ ቋሚ አድራሻ ማስያዝ ደግሞ ችግሩን ከሥሩ ይፈታዋል።

የጥገና ባለሙያ ወገኖቻችንንም አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን። በፈረንጆች 2024 የወጣው ዊንዶውስ 11 24ኤች2 በፕሮ እትሙ ያለ ፓስወርድ በእንግድነት መግባትን ስለከለከለ፣ ክልከላውን ለማንሳት ሬጅስትሪ (የዊንዶውስን የውስጥ ቅንብር) የሚነካ አለ። ለአሮጌ ቴሌቪዥን ብሎ ኤስኤምቢ 1ን፣ ማለትም የድሮውን የፋይል ማጋሪያ ፕሮቶኮል፣ የሚመልስም አለ። በፈረንጆች ግንቦት 2017 ዓለምን ያዳረሰው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው አጥፊ ፕሮግራም ዋናክራይ የተዛመተው በዚሁ ኤስኤምቢ 1 ክፍተት ነው። እባካችሁ አካውንት ክፈቱላቸው፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

አከራዮችም ራውተራችሁ «ጌስት ኔትወርክ» (ለእንግዶች የተለየ ዋይፋይ) ካለው ተከራዮችን በእሱ አስገቡ፤ በብዙዎቹ ራውተሮች ላይ ኢንተርኔቱን እያገኙ የቤታችሁን ኮምፒውተር አያዩም።

የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች፣ ከባሕር ዳር