ማራገፊያው ላይ የቆመው መኪና ምን እየሠራ ነው?

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በቅርቡ ያወጣችሁት አንድ ደብዳቤ የቤት መኪና በጭነት ማራገፊያ ቦታ ድርሽ እንዳይል ይጠይቃል። የጸሐፊው ንዴት ይገባኛል፤ እኔም የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። ነገር ግን ጥፋቱን የጣሉት በመኪናው ዓይነት ላይ ነው።

ባለፈው ወር አርባ ካርቶን ሴራሚክ ጭኜ ስደርስ ቦታው ተይዟል። የያዘው የንግድ ታርጋ የለጠፈ ባዶ ፒክአፕ ነው። አራቱም ፍሬቻ ብልጭ ድርግም ይላል (ይህ መብራት ከመቼ ወዲህ የፈቃድ ወረቀት እንደሆነ አልገባኝም)። ሾፌሩ ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ በስቴኪኒ ጥርሱን እየጎረጎረ መጣ። እስከዚያ ድረስ እኔ ደርቤ ቆሜ፣ ጫኝና አውራጆቹ ካርቶኑን ተሸክመው በመኪኖች መካከል ሲሹለከለኩ፣ ብስክሌተኞችም እኔን ለማለፍ ወደ መሐል መንገድ ሲወጡ ነበር። የተቀጣሁትም እኔ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ሰው ለማሳፈርና ለማውረድ፣ ዕቃ ለመጫንና ለማራገፍ ለሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ መቆምን፣ መኪናን አቁሞ ከመሄድ ይለየዋል። በዚህ ትርጓሜ ውስጥ ስለ ታርጋ የተነሣ ነገር የለም።

እርግጥ ታርጋ ከሩቅ ይታያል፤ ለተቆጣጣሪ ይቀላል። ኒውዮርክ ከዚያም አልፋ፣ አንድ መኪና ለማቆሚያ ደንቡ የንግድ ተሽከርካሪ ለመባል ከፊተኞቹ በቀር ወንበሮቹ እንዲነሡና የባለቤቱ ስምና አድራሻ በሁለቱም ጎን በቋሚነት እንዲጻፍ ታዝዛለች። ቁም ነገር ያለው ደንብ ነው። ይሁን እንጂ ወንበሩ የተነሣለት መኪናም ባዶውን ቆሞ ሊውል ይችላል። በአንጻሩ ማቀዝቀዣ ገዝቶ በቤት መኪናው ያመጣ ሰው ከማንም በላይ ያ ቦታ ያስፈልገዋል። ፌስታል አንጠልጥሎ የሚወርደው ግን አያስፈልገውም።

ሥራውን መለየትም ያን ያህል አይከብድም። በብሪታንያ ብዙ ተቆጣጣሪዎች ቅጣት ከመጻፋቸው በፊት ለጥቂት ደቂቃዎች ቆመው ያያሉ፤ ዕቃ ሲወጣ ሲገባ ካላዩ ይቀጣሉ። የቸገረኝ የጊዜው ነገር ነው። የአውስትራሊያ ደንብ ምልክቱ ሌላ ካልተናገረ በ30 ደቂቃ ይገድባል፤ ለፖስታ ጥቅል ይተርፋል፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ለሚወጣ ሴራሚክ ግን አይበቃም። ዕቃውን ደረጃ ላይ ተሸክሞ ማድረስና ደረሰኝ ማስፈረም የማራገፍ አካል መሆኑ ደንቡ ውስጥ ይጻፍልን። ተቆጣጣሪውም አንድ ሰው ከሕንፃው በር ባዶ እጁን ሲወጣ ቢያይ፣ ወደ መኪናው ተመልሶ ሌላ ካርቶን ያነሣ እንደሆነ እስኪያይ ድረስ ብዕሩን ይያዝልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጭነት መኪና ሾፌር