የፊልም ክበባችን ዓመት፦ ፈርተን ለምን እንስቃለን?

የፊልም ክበባችን የ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመንን በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው የከረመው፦ ሰው ጊዜውንና ገንዘቡን ሰጥቶ ለምን ሊፈራ ይሄዳል? ጥያቄውን ያመጡት ተማሪዎቹ ናቸው። «ክበቡ ለልጆች ሰይጣን ያሳያል» የሚለው ወሬ የወላጆች ስብሰባ ድረስ ስለደረሰ፣ ምን እንዳየንና ምን እንደተማርን በግልጽ መጻፍ ይገባኛል።

በመጀመሪያ ያየነው ዳይሬክተሩ ሙርናው እ.ኤ.አ. በ1922 ስለ ደም መጣጭ ጭራቅ የሠራውን ድምፅ አልባ የጀርመን ፊልም ኖስፌራቱን ነው። ረጃጅም ጣቶች ያሉት ጥላ ግድግዳው ላይ ደረጃውን ይወጣል፤ ባለጥላው ግን አይታይም። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ትዕይንቱ ሲያልፍ ደግሞ ሁሉም በአንድ ላይ ሳቀ። የባዮሎጂ መምህራችን ልጆቹ ከትዕይንቱ በፊትና በኋላ የእጃቸውን አንጓ ይዘው የልብ ምታቸውን እንዲቆጥሩ አደረጉ። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ሲረጩ ልብ ይፈጥናል፣ መዳፍ ያልበዋል። ዶልፍ ዚልማን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እንዳስረዳው፣ አንዴ የተቀሰቀሰ ሰውነት አስፈሪው ነገር ስላለፈ ብቻ ወዲያው አይበርድም፤ የቀረው ግለት ቀጥሎ የሚመጣውን እፎይታ ያጎላዋል። ያ ሁሉ ሳቅ የመጣው ከዚያ ነው። ሁሉም ሰው ግን ይህን አይወድም። ደስ ያላለው ልጅ ተነስቶ መውጣት ይችላል፤ የወጣም ነበር፣ ማንም አልሳቀበትም።

የሳምንቱ ስብሰባዎች፣ የሥራ አስፈጻሚ ምርጫና የወላጆች ቀን ዝግጅት እንደተለመደው ተካሂደዋል። የዘጌውን ጉዞ ግን እንዲህ በአንድ ዐረፍተ ነገር ላልፈው አልችልም።

ጣናን በጀልባ ተሻግረን፣ በቡናው ጫካ ውስጥ በእግራችን ወጥተን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ደረስን። ልጆቹ በግድግዳው ሥዕል ላይ በላዔ ሰብእን ሲያዩ ተጠጋግተው ቆሙ። 78 ነፍስ በልቶ በጥርኝ ውኃ የዳነውን ሰው ታሪክ ሁሉም ያውቁታል፤ ቢሆንም ዓይናቸውን መንቀል አቃታቸው። አንዱ ልጅ አያቱ ማታ ማታ የጭራቅ ተረት ሲነግሩት ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ «ከዚያስ?» ይል እንደነበር አጫወተን። ለካ አስፈሪ ታሪክ ከፊልም ጋር ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም።

ስንመለስ የከሰዓቱ ነፋስ ጣናን አስነሳው። ጀልባችን ሲዋዥቅ፣ ውኃው እየዘለለ ልብሳችንን ሲያርስ አንድም ልጅ አልሳቀም። ወደብ ላይ ወርደን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነጠላዋን እየጨመቀች ወደ እኔ መጣች። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ክበቡ ውስጥ አፏን ከፍታ ተናግራ የማታውቅ ልጅ ናት። «ቲቸር፣ ይሄ'ኮ እንደ ፊልሙ አይደለም» አለችኝ። «ፊልሙ ላይ ዓይኔን ስጨፍን ይጠፋልኛል። ጣና ላይ ስጨፍን ባሰብኝ።» ስለ አስፈሪ ፊልም ካነበብኩት ሁሉ እንደዚህ ልብ የሚገባ ማብራሪያ አላገኘሁም። በቀጣዩ ስብሰባ ይህንኑ ለጓደኞቿ ቆማ ተናገረች፤ እኔም እንባዬ መጣ።

በወላጆች ስብሰባው ላይ አንድ አባት «ልጆቻችን በእውን የፈሩት አይበቃም ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። በእነዚህ ዓመታት ያሳለፍነውን የሚያውቅ ሰው ጥያቄውን አቅልሎ ሊያየው አይገባም። የእኔ መልስ የዚያች ልጅ መልስ ነው፤ በፊልሙ ፍርሃት ልጓሙ በልጁ እጅ ነው። መጠን ግን ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ የዴንማርክ ጥናት ሰው ለመዝናናት ብሎ ሊፈራ ወደሚገባበት አስፈሪ ቤት የገቡ 110 ሰዎችን የልብ ምት ለክቶ፣ ሰዎች ይበልጥ የሚደሰቱት ፍርሃቱ ሳያንስም ሳይበዛም ሲቀር መሆኑን አሳይቷል። እኛም ፊልም የምንመርጠው በዚህ መንገድ ነው፤ መምህራን አስቀድመን አይተነው፣ የወላጅ ፈቃድ ይዘን።

ተማሪዎቹ የራሳቸውን አጭር ፊልም ጀምረዋል። የእርምጃ ድምፅ የሠሩት የደረቀ የኮባ ቅጠል ድምፅ በሚቀርጽ ስልክ አጠገብ ቀስ ብለው እየረገጡ ነው። ድምፁን አጥፍተን ስናየው የቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር ያው የምናውቀው ኮሪደር ነው፤ ድምፁ ሲገባበት ከአስተማሪዎች መካከል እንኳ ዘወር ብሎ ያየ ነበር። ፊልሙ አላለቀም። በውሰት ያገኘነው ካሜራ ተመለሰ፣ መብራትም በተደጋጋሚ ተቋረጠብን። ፕሮጀክተር ሊሰጠን ቃል የገባው መሥሪያ ቤትም እስካሁን አልሰጠንም። ለስፖርት ክበባት መለያ ሲገዛ ደስ ብሎን አጨብጭበናል፤ የእኛም ልጆች የዚሁ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው።

ለ2018 ዓ.ም. የሚያስፈልገን አንድ ፕሮጀክተር፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ፣ ለአዳራሹ መስኮቶች ወፍራም ጥቁር መጋረጃና መብራት ሲጠፋ የሚያሠራ ባትሪ ነው። ያገለገለም ቢሆን እንቀበላለን። መርዳት የምትፈልጉ የቀድሞ ተማሪዎችና ወላጆች ርዕሰ መምህሩን ወይም እኔን አነጋግሩን፤ ፊልሙ ሲያልቅ በመጀመሪያ የምንጋብዘው እናንተን ነው፣ «አይበቃም ወይ» ያሉኝን አባት ጨምሮ።